የቤት ቋንቋ ባሕር ሲሻገር

ከትውልድ ቀዬው ርቆ የሚሄድ ሰው ስንቁን፣ ልብሱንና ልማዱን ይዞ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ግን ይዞት የሚሄደው፣ ሚዛን ላይ የማይወጣውና ኬላ ላይ የማይፈተሸው፣ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። ስንቁ በመንገድ ያልቃል፤ ልብሱም ያረጃል። ቋንቋው ግን እንደ አያያዙ ነው፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፣ ወይም ከተሻገረው ሰው ጋር ተቀብሮ ይቀራል።

ከብቸናና ከሞጣ ተነሥተው አዲስ አበባ የከተሙ፣ ከዚያም አልፈው ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ የደረሱ ወላጆች ልጅ ሲያሳድጉ ይህ ጉዳይ ከደጃቸው ይቆማል። ልጁ ያድጋል፤ ትምህርት ቤት ይገባል፤ የአገሩን ቋንቋ እንደ ውኃ ይጠጣል። ሞጣ ያሉት አያቱ ግን ስልክ ተቀብለው «እንዴት ሰነበትህ የኔ ዓለም?» ሲሉት የሚመልሰው ያጣል። እናቱ መካከል ገብታ ታስተረጉማለች። አያትና የልጅ ልጅ በአስተርጓሚ ሲነጋገሩ ከወሬው ብዙው፣ ከፍቅሩም ጥቂት የማይባለው በመንገድ ይቀራል።

ወቀሳውም ወዲያው ይመጣል። «ልጅሽን እንዴት አማርኛ ሳታስተምሪው?» ትባላለች እናት። አባትን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ለመሆኑ ቋንቋን ለልጅ ማውረስ የእናት ሥራ ብቻ ነውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከሺህ ዓመት በፊት ባሕር እየተሻገሩ የሰፈሩ፣ በአንዱ አገር ቋንቋቸውን ጠብቀው በሌላው ያጡ ሕዝቦችን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። እነዚህ ሕዝቦች ኖርሶች ይባላሉ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

ኖርሶች እነማን ነበሩ?

ኖርሶች የሚባሉት ዛሬ ኖርዌይ፣ ስዊድንና ዴንማርክ በምንላቸው አገሮች ይኖሩ የነበሩ የጥንት ሰዎች ናቸው። ከ8ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በመርከብ እየወጡ ሩቅ አገር ደርሰዋል። ለዘረፋና ለውጊያ የወጡት ቫይኪንግ በሚለው ስም ይታወቃሉ። ይሁን እንጂ ከዘራፊው ይልቅ ከብት የሚያረባው፣ ዓሣ የሚያሰግረውና የሚነግደው ይበዛ ነበር። መሬት ፍለጋም ወደ እንግሊዝ፣ ወደ አየርላንድ፣ ወደ ፈረንሳይ ጠረፍ፣ ወደ ፋሮ ደሴቶች፣ ወደ አይስላንድና ወደ ግሪንላንድ ሄደው ሰፍረዋል። ቋንቋቸው በየአካባቢው ጥቂት ቢለያይም እርስ በርስ ይግባቡበት ነበር፤ ራሳቸውም «የዴንማርክ ልሳን» ይሉት ነበር።

ታሪካቸው ሲነገር የሚወሳው ወንዱ ነው፤ ሰይፉና መርከቡ። ነገር ግን መርከቡ ያለ ሸራ አይሄድም። ሸራው የሚሠራው ከበግ ፀጉር ሲሆን ፀጉሩን የሚፈትሉትና የሚሸምኑት ሴቶች ነበሩ። የአንድ ትልቅ መርከብ ሸራ የብዙ ሴቶችን የብዙ ወራት ድካም ይጠይቅ ነበር። እንዝርት ስታሾር ያደገች የጎጃም ሴት ይህ ምን ያህል ልፋት እንደሆነ ለመረዳት ማስረጃ አያሻትም።

ሴቶቹ ሸራ ሠርተው እቤት የቀሩ ብቻም አልነበሩም። የአይስላንድ የጥንት መጻሕፍት አውዱር የምትባል፣ በቅጽል ስሟ «ጥልቅ አሳቢዋ» የተባለች ሴት ታሪክ ይተርካሉ። ባሏ ከሞተና ልጇም በስኮትላንድ ጦርነት ከተገደለ በኋላ በምሥጢር መርከብ አሠርታ፣ የልጅ ልጆቿንና 20 ነፃ ወንዶችን ይዛ በ9ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አይስላንድ ገባች። መሬት ያዘች፤ ለተከታዮቿም አከፋፈለች፤ ለባሪያዎቿ ነፃነትና መሬት ሰጠች ይባላል።

በካናዳ ኒውፋውንድላንድ፣ ላንስ ኦ ሜዶስ በተባለ ቦታ በ1960ዎቹ አኔ ስቲኔ ኢንግስታድ በምትባል የኖርዌይ የቅርስ ጥናት ባለሙያ መሪነት ቁፋሮ ሲካሄድ የኖርሶች ቤቶች ፍርስራሽ ተገኘ። በ2021 የወጣ ጥናትም እዚያ የተገኙ እንጨቶች በ1021 የተቆረጡ መሆናቸውን አረጋግጧል። ከፍርስራሹ መካከል ከተገኙት ዕቃዎች አንዷ በእንዝርት እንጨት ላይ የምትሰካ ትንሽ ክብ ድንጋይ ናት። መፍተል የሴቶች ሥራ ስለነበር ይህች ድንጋይ ሴቶች እዚያ ድረስ መሄዳቸውን ትመሰክራለች።

ባዩ የተላከው ልጅ

ታዲያ ኖርሶች በደረሱበት አገር ቋንቋቸው ምን ሆነ? ዕጣው እንደየአገሩ ይለያያል።

በ911 ሮሎ የሚባል የኖርሶች አለቃ ከፈረንሳይ ንጉሥ ጋር ታርቆ በሰሜን ፈረንሳይ መሬት ተሰጠው። አገሩም በእነሱ ስም ኖርማንዲ ተባለ። ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ወንዶች ስለነበሩ የአገሩን ሴቶች አገቡ። ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑና ጽሕፈቱ በሙሉ በአገሬው እጅ ነበር።

የሮሎ ልጅ ዊልያም የራሱን ልጅ ሪቻርድን ወደ ባዩ ከተማ እንደላከው የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ዱዶ ጽፏል። ምክንያቱ ደግሞ በዋና ከተማው በሩዋን ከኖርስ ይልቅ የአገሩ ቋንቋ ስለሚነገር፣ ልጁ የአባቶቹን ልሳን ባዩ ሄዶ እንዲማር ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሮሎ መሬቱን ከያዘ ገና አንድ ትውልድ እንዳለፈ፣ አገር የሚገዛ ሰው እንኳ ልጁን የአያቱን ቋንቋ ለማስተማር ወደ ሌላ ከተማ መላክ አስፈልጎታል። ሥልጣን ነበረው፤ ሀብት ነበረው፤ በቤቱ አካባቢ ግን ልጁ ቋንቋውን የሚሰማበት ቦታ አልነበረውም። ከሮሎ ስድስተኛው ትውልድ የሆነው ዊልያም በ1066 እንግሊዝን በጦር ሲይዝ ይዞት የገባው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር።

በእንግሊዝ የሰፈሩትም ከጊዜ በኋላ ቋንቋቸውን ትተው የአገሩን ተናገሩ። ትተውት የሄዱት ግን አስገራሚ ነው። እንግሊዞች ዛሬ እህትን፣ ባልን፣ እንቁላልን፣ ቢላንና መስኮትን የሚጠሩባቸው ቃላት ከኖርስ የተወረሱ ናቸው። መስኮት የሚለው ቃላቸው በኖርስ «የነፋስ ዓይን» ማለት ነበር። ቋንቋው ሲጠፋ እንኳ የመጨረሻ ርዝራዡ ከቤት ውስጥ አልወጣም።

የግሪንላንድ ዕጣ ከሁሉም ይከፋል። በ985 ገደማ ቀዩ ኤሪክ መርቷቸው የሰፈሩት ሰዎች ወደ አምስት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ኖረው በ15ኛው መቶ ዘመን ሰፈራቸው ባዶ ቀረ። ስለ እነሱ በጽሑፍ የተገኘው የመጨረሻው ዜና በ1408 በህቫልሴይ ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ ጋብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ዝምታ ብቻ ነው። ሕዝቡ ራሱ ከቦታው ጠፍቷልና ቋንቋውን የሚያወርስ አልተገኘም።

እናቶቹ ከሌላ አገር የመጡባት አይስላንድ

አሁን ወደ አይስላንድ እንመለስ። አገሪቱ ከ870 ገደማ እስከ 930 ባለው ጊዜ ውስጥ ተሰፈረች። የዛሬ ሕዝቧ ወደ 400 ሺህ ቢጠጋ ነው፤ ሆኖም ቋንቋዋ ከጥንቱ ኖርስ ብዙ ስላልራቀ የዛሬ አንባቢ ከ700 ዓመት በፊት የተጻፈውን ትረካ ሳይቸገር ማንበብ ይችላል።

«እንዲህ ከሆነማ የአይስላንድ እናቶች ጎበዞች ነበሩ» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። የዘር ጥናት እንደሚያሳየው በአባት በኩል የሕዝቡ ምንጭ በአብዛኛው ስካንዲናቪያ ሲሆን፣ በእናት በኩል ግን ከግማሽ የሚበልጠው ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ነው። ብዙዎቹ ሴቶች የመጡት በምርኮና በባርነት እንደነበር ይታመናል። እነዚህ እናቶች አፋቸውን የፈቱት በኖርስ አልነበረም። እንደ ኖርማንዲ ሁሉ እዚህም እናትየዋ የሌላ አገር ሰው ነበረች። በኖርማንዲ ኖርስ ሲጠፋ በአይስላንድ ለምን ጸና?

መልሱ ያለው ከማጀት ውጭ ነው። አይስላንድ ውስጥ ሰፋሪዎቹን የሚውጥ ሌላ ትልቅ ሕዝብ አልነበረም። ከ930 ጀምሮ አልቲንግ የሚባል ሸንጎ በየዓመቱ ይሰበሰብ ነበር። ሕግ ገና ሳይጻፍ ሕግ ነጋሪ የሚባል ሰው ሲሦውን በየዓመቱ እየተናገረ በሦስት ዓመት ሕጉን በሙሉ በቃሉ ያሰማ ነበር። በረጅሙ የክረምት ሌሊትም ቤተሰቡ በአንድ ቤት ተሰብስቦ ትረካ ይሰማል። ልጅ ከእናቱ አንደበት ምንም ቢሰማ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የሚሰማው ያንኑ ቋንቋ ነበር። በቃል የተያዘ ዕውቀት ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደሚሻገር ለመረዳት፣ ለብቸና ቅርብ የሆነውን የዲማ ጊዮርጊስን የቅኔ ትምህርት ለሚያውቅ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ተማሪው ቅኔውን የሚያገኘው ከመምህሩ አፍና ከጓደኞቹ ጉባኤ ነው።

ሱፍ የሚፈተልበት ምሽት

የሁለት ደሴቶች ታሪክ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ሁለቱንም ኖርሶች ሰፍረውባቸዋል፤ ሁለቱም ላይ ከጊዜ በኋላ የሌላ ቋንቋ አስተዳደር መጥቶባቸዋል።

የመጀመሪያው ከስኮትላንድ በስተሰሜን የሚገኘው ሼትላንድ ነው። በ1469 የዴንማርክና የኖርዌይ ንጉሥ ልጁን ማርጋሬትን ለስኮትላንድ ንጉሥ ሲድር ለጥሎሿ የሚሆን ገንዘብ አጥቶ ደሴቶቹን በመያዣነት ሰጠ፤ መያዣውም በዚያው ቀረ። ስኮትላንዳውያን ገብተው ሰፈሩ፤ ዳኛውም፣ ቄሱም፣ ነጋዴውም የእነሱን ቋንቋ ተናገረ። ኖርን ይባል የነበረው የደሴቲቱ ኖርስ እየደከመ ሄዶ በ19ኛው መቶ ዘመን ተናጋሪ አጣ። በ1890ዎቹ ያኮብ ያኮብሰን የሚባል የቋንቋ ሊቅ እየዞረ ሽማግሌዎችን ሲጠይቅ ወደ 10 ሺህ የሚደርሱ ቃላት ሰበሰበ። ቃላቱ ነበሩ፤ በእነሱ የሚነጋገር ግን አልነበረም።

ሁለተኛው የፋሮ ደሴቶች ናቸው። በዚያም ለረጅም ዘመን የቤተ ክርስቲያኑ፣ የፍርድ ቤቱና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ዴንማርክኛ ነበር። ፋሮኛ የዛሬ ፊደል አጻጻፉን ያገኘው በ1846፣ በሕግ ዋና ቋንቋ የሆነውም በ1948 ነው። ታዲያ በዚያ ሁሉ ዘመን የት ተጠብቆ ቆየ? በክረምት ምሽት ቤተሰብና ጎረቤት በአንድ ቤት ተሰብስበው ሱፍ ሲያባዝቱና ሲፈትሉ፣ ሽማግሌዎች ተረት ሲያወሩ፣ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው እየጨፈሩ ረጃጅም የታሪክ ዘፈኖችን ሲዘፍኑ ነው። ትምህርት ቤት ባይኖረውም ጉባኤ ነበረው። ሥራ ነበረው። እናትም፣ አባትም፣ ጎረቤትም፣ ልጅም በአንድነት ይሰሙት ነበር።

ዓባይን የተሻገረ ቋንቋ

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይምሰለን። ጎጃምን በሦስት በኩል የከበበው ዓባይም ቋንቋ ተሻግሮበታል፤ እዚያውም ጠፍቷል።

ጋፋት የሚባለው ሕዝብ ቀድሞ ከዓባይ በስተደቡብ ይኖር ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን በነበረው ታላቅ የሕዝቦች እንቅስቃሴ ወደ ሰሜን ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ ሰፈረ። ቋንቋው ከአማርኛና ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር ዘመዳሞች ነበሩ። ወደ ጋፋትኛ የተተረጎመ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ዛሬም በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃምን የጎበኘው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቢክ የጋፋትኛ ቃላት ለመሰብሰብ ብዙ ተቸገረ። ወጣቶቹ ጨርሶ እንደማያውቁት፣ እናውቃለን የሚሉት አዋቂዎችም አጥርተው እንደማይናገሩት ጽፏል። በ1947 ዎልፍ ሌስላው የሚባለው የቋንቋ ሊቅ ወደ ሥፍራው ሄዶ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያገኛቸው ተናጋሪዎች አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ጋፋትኛ የሚናገር የለም።

የጋፋት እናቶች ሰነፎች ነበሩ ማለት ይቻላልን? አይቻልም። ልጆቻቸው የሚገበያዩበትን፣ የሚዳኙበትንና የሚጋቡበትን ቋንቋ እንዲያውቁላቸው መፈለጋቸው የማንኛዋም እናት ፍላጎት ነው። አማርኛ በዙሪያቸው ሥራውን ሁሉ ሲይዝ ለጋፋትኛ የቀረለት ሥራ አነሰ። ሥራ ያጣ ቋንቋ ደግሞ መጀመሪያ የሽማግሌዎች፣ ከዚያም የማንም ሳይሆን ይቀራል።

ዛሬስ በእኛ ቤት?

የሚገርመው ነገር፣ የኖርሶች አገር የነበሩት ስዊድንና ኖርዌይ ዛሬ የእኛ ልጆች የሚያድጉባቸው አገሮች ሆነዋል። ስዊድን በ1977 ባወጣችው ደንብ ከሌላ አገር የመጡ ልጆች በትምህርት ቤት የቤታቸውን ቋንቋ እንዲማሩ ፈቅዳለች፤ አማርኛም ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ነገር ግን ደንቡ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ቋንቋው በቤት ውስጥ በየቀኑ የሚነገር መሆን አለበት፤ ልጁም መሠረቱን ማወቅ አለበት። እንግዲህ የትምህርት ቤቱ በር የሚከፈተው ከቤት በሚመጣ ቁልፍ ነው።

ችግሩ ባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥም «ልጄ በእንግሊዝኛ ይጎብዝ» ተብሎ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ በግማሽ እንግሊዝኛ የሆነበት ኑሮ አለ። የቀረውን ደግሞ ቴሌቪዥኑና ስልኩ ይሞላዋል። እንዲህ ያደገ ልጅ ለፋሲካ ብቸና ሲሄድ አያቱን «አንቱ» ማለት ይቸግረውና «አንተ» ብሎ ያስደነግጣቸዋል። በሌላ በኩል ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ጋሞኛ አፍ የፈታች እናት ልጇ በአማርኛ ብቻ ሲያድግ እያየች ውስጧ የሚያዝንባት ብዙ ናት። የጋፋት ታሪክ ለእሷም ይናገራል፤ አማርኛ በአንዱ ቤት የሚጠበቅ፣ በሌላው ቤት የሚውጥ ቋንቋ ነውና።

አንዳንድ ወላጆች ሁለት ቋንቋ ልጅን ያደናግራል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም። ሕፃን ልጅ ሁለትና ሦስት ቋንቋ አብሮ መልመድ ይችላል፤ በጅምሩ ቃላቱን ቢቀላቅልም እያደገ ሲሄድ ይለያቸዋል። በዓለም ላይ እንዲህ እያደገ ያለው ልጅ ቁጥር ስፍር የለውም።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ቋንቋ በትእዛዝና በወቀሳ አይወረስም፤ ሥራና ጉባኤ ሲኖረው ይወረሳል። ስለዚህ የሚከተሉትን ብንሞክር ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ለቋንቋው ቤት ውስጥ ሥራ እንስጠው። ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ሊጥ ሲቦካ፣ ቡና ሲቆላ፣ ዕቃ ሲታጠብ ልጅ አብሮ ይሥራ፤ የዕቃውንና የሥራውን ስም በእጁ እየዳሰሰ ይወቅ። የቃል ጥናት ሰዓት ከሚመደብለት ይህ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ አባት ድርሻውን ይውሰድ። ከሥራ ደክሞ ሲመጣ በጋዜጣና በስልክ ተሸሽጎ፣ ልጁ አያቱን ማናገር ሲያቅተው እናትን መውቀስ ፍርድ አይደለም። አክስትና አጎትም እንዲሁ።

ሦስተኛ፣ ጉባኤ እንፍጠር። ሦስት አራት ቤተሰብ በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹን ይዞ ይገናኝ። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» የሚል ሌላ ልጅ ያስፈልጋል፤ «ተረት ተረት» ሲባልም «የላም በረት» የሚሉ ብዙ ድምፆች ያምራሉ። ልጅ ቋንቋውን የእናቱ ብቻ አድርጎ ካየው ያፍርበታል፤ የጓደኞቹም መሆኑን ካየ ግን ይኮራበታል።

አራተኛ፣ ልጅ ሲሳሳት አንሳቅበት። ወንዱን በሴት፣ አንዱን በብዙ ቢጠራ ትክክለኛውን እኛ ደግመን ተናግረን ወሬውን እንቀጥል። የተሳቀበት ልጅ ዝም ይላል፤ ዝም ያለ ልጅ ደግሞ አይማርም።

አምስተኛ፣ ፊደሉንም እናስተምር። አይስላንዶች ቋንቋቸውን በቃል ብቻ አልተዉትም፤ ጽፈውታል። በአማርኛ ማንበብ የቻለ ልጅ ከእናቱና ከአያቱ ሌላ ብዙ መምህራን አሉት።

ስድስተኛ፣ ከአያት ጋር በስልክ ሲገናኝ ቶሎ ገብተን አናስተርጉም። ከመደወሉ በፊት አንድ ጥያቄ አስይዘነው፣ «ዳቦው እንዴት ነው የሚደፋ?» ወይም «በልጅነትዎ ምን ይጫወቱ ነበር?» ብሎ ራሱ ይጠይቅ፤ መልሱን ራሱ ይስማ። ጥቂት ቢንተባተብም አያት ይታገሣሉ።

እናት በዚህ ሁሉ ውስጥ የመጀመሪያዋ መምህር ናት፤ ብቸኛዋ መምህር እንድትሆን ግን አይገባም። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። አንዲቱን ክር የምትፈትለው እናት ናት፤ ድሩን የሚያሳብረው ግን ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱና ማኅበሩ ነው። ብቻዋን የተተወች ክር ብትበጠስ የክሯ ጥፋት አይደለም።